የዋንጫው መርዶ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የዋንጫው ግጥሚያ ሊጀመር ሲል ሲቀላ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። ለአርባ ምንጭ ሰው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በ2068 ዓ.ም. ኳስ የሚታየው በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ አፍ በጋቢ ታፍኖ ነው። ጭብጨባ እንደ ወሬ ይቆጠራል፤ ወሬው ደግሞ የባለመብቱ ንብረት ነው። ባለመብቱ ስም ነበረው፤ ነገር ግን ስሙ በየጨረታው ስለሚለዋወጥ ሰዉ መያዙን ትቶ “ባለመብቱ” ብቻ እያለ ይጠራዋል።

ጋሽ ሶርሳ ብቻ በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ በርጩማ ሳበና ተቀመጠ። የሚያየው ስለሌለው የሚያፍነው ጩኸትም የለውም።

ኪጋሊ ላይ ዋንጫ ከሚፋለሙት ሁለት ክለቦች የአንደኛው በረኛ ወለላ ሶርሳ ትባላለች፤ አንድ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ዓለም ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ወለላ አገር ለቃ ከሄደች ጀምሮ ሶርሳ ከሙዝ ማሳው የሚያገኘውን እኩሌታ ለባለመብቱ ሲገብር ኖሯል። በዚያ ገንዘብ ሙሉ ግጥሚያ አይገኝም። ሙሉውን የሚያይ ሰው ሲቀላ ውስጥ የለም፤ ሴቻ ላይ አንድ ነጋዴ አለ ይባላል፣ ያረጋገጠ ግን የለም። ሌላው ሰው እንደ አቅሙ ቁራጭ ይገዛል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ማንደፍሮ የመሃል ሜዳ ቁራጭ አለው፤ ኳሱ ወደ ግብ ሲቃረብ ግጥሚያው የሚታይበት የቤቱ ግድግዳ ይጨልምበታል። የሶርሳ ጎረቤት እትዬ ደብሪቱ የመጨረሻዋን ቁራጭ ትገዛለች፤ ግጥሚያው ሊያልቅ ሲል ይከፈትላታል፣ እሱም ዘግይቶ ነው። ሶርሳ ደግሞ የበረኛ ቁራጭ ነበረው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚያየው ልጁን ብቻ ነው፤ ስትንጎራደድ፣ ጓንቷን ስታጠብቅ፣ ሰው በማይታይበት ሜዳ ላይ ስትጮህ። ኳሱ ድንገት ከባዶ መጥቶ ይመታታል፣ ወይም ያልፋታል። ማን እንደመራ የሚያውቀው ከትከሻዋ ነው። ይህን ለምዶት ነበር፤ ደስም ይለው ነበር።

ባለፈው ጨረታ አዲስ ባለመብት ገባ። አዲሱ ባለመብት በረኛ ተፈላጊ መሆኑን አጥንቶ የበረኛን ቁራጭ ከርካሹ መደብ አውጥቶ ከውዱ መደብ ከተተው። ሶርሳ ቢሮው ድረስ ሄዶ “አባቷ እኮ ነኝ” አለ። የቢሮው ልጅ በትሕትና ተነሥታ ወንበር ሰጠችውና አባት የሚባል መደብ እንደሌለ አስረዳችው። ሶርሳ አመስግኖ ወጣ፤ ምን ብሎ እንዳመሰገነ በኋላ ለራሱም አልገባውም።

እናም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን ግድግዳ ማዳመጥ ጀመረ። መጀመሪያ ከማንደፍሮ ቤት ወንበር ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ በኩል ካለው ቤት መሬት በእግር ተደበደበ። ደግሞ ቆየና ከመንገዱ ማዶ ዕቃ ተሰበረ። ሶርሳ ግራ ገባው። እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ መዘግየት አለውና የወደቀው ወንበር፣ የተደበደበው መሬትና የተሰበረው ዕቃ አንድ ነገር ይሁኑ ሦስት ነገር መለየት አይቻልም። አግብተው ይሆን? ገብቶባት ይሆን? አድና ይሆን? ሲያሰላ ቆየና ስሌቱ ጠፋበት። በመጨረሻ ሁሉም ቤት ጸጥ ካለ በኋላ ከእትዬ ደብሪቱ ቤት ለቅሶ ተሰማ። አፏን በነጠላ ይዛ ነው የምታለቅሰው፤ ለቅሶ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ሶርሳ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ።

“ደብሪቱ! ምን ሆነሽ ነው?”

ለቅሶው ቀጥ አለ። “ምንም አልሆንኩ” አለች ከውስጥ። “ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።”

ሶርሳ በአጥሩ ላይ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ሽንኩርት አልሸተተውም።

ከግጥሚያ በኋላ ያለው ሳምንት የዝምታ ሳምንት ይባላል። ቁራጭ ያልገዛ ሰው ባለበት ስለ ግጥሚያው የተነፈሰ ሁሉ፣ በየበሩ መቃንና በየመብራት ምሰሶው ላይ ባለመብቱ በሰቀለው ሰሚ ጆሮ ይያዛል። ጆሮው አንድ ጊዜ ጢን ካለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛ ጢን ካለ የሙሉ ግጥሚያ ዋጋ ከተናጋሪው ላይ ይቆረጣል፤ ያን ዋጋ የሚችል ቤት ደግሞ ሲቀላ ውስጥ የለም። ስለዚህ የሰው ሰላምታ ተለውጧል። ጨዋታ የሚጀመረው “ገዝተሃል?” ተብሎ ነው፤ “አልገዛሁም” ከተባለ ስለ ዝናብ ይወራል። ፊትም ያሳብቃል ስለሚባል ሰኞ ሰኞ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ዓምና አንድ ሰው በፈገግታው ተቀጥቷል ተብሎ ተወርቷል፤ እውነት ይሁን ውሸት የጠየቀ የለም። ተጫዋቾቹማ ስልካቸው ተወስዶ ሳምንቱ እስኪያልቅ ከማንም አይገናኙም። የወለላ መስመር ሲደወል “የጠሩት ተጫዋች በዝምታ ሳምንት ላይ ናት” ይላል። ሶርሳ ሰኞ ጠዋት ደውሎ ይህንኑ ሰማ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የዚያን ዕለት ዝምታ ግን ለሶርሳ የነቀዘ መሰለው። ዳቦ ቤት ሲገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው መሬት መሬት አዩ። ሻጩ ዳቦውን በሁለት እጁ አቀበለውና “ጋሼ፣ ለዛሬ በእኔ ይሁን” አለው። ይህ ሰው በሕይወቱ ለማንም ዳቦ በነጻ ሰጥቶ አያውቅም። ሶርሳ ዳቦውን ይዞ ሲወጣ ማንደፍሮ ከሩቅ አየውና መንገዱን ተሻግሮ በሌላው ዳር መሄድ ጀመረ። ሁለቱ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ሶርሳ ተሻግሮ ደረሰበትና ክንዱን ያዘው።

“ማንደፍሮ፣ ምን አድርጌህ ነው የምትሸሸኝ?”

“ማን? እኔ? ኧረ አልሸሸሁም። የዘንድሮ ዝናብ እንኳ…”

“ዝናቡን ተወው። ልጄ ደህና ናት?”

ማንደፍሮ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ፤ ከዚያ ሶርሳን አየው። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

“ልጅህማ…” ብሎ ሲጀምር ጆሮው ጢን አለ። ማንደፍሮ አፉን በመዳፉ ያዘ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ወደ ቤትህ ግባ ሶርሳ” አለው። “ግባና ዕረፍ። እህል ቅመስ። ነገ እንገናኛለን።”

ሶርሳ ወደ ቤቱ ገባ፤ ዕረፍት ግን ከየት ይምጣ። ይህችን አነጋገር አሳምሮ ያውቃታል። በዕድሩ ውስጥ መርዶ የሚያረዱት እሱና ማንደፍሮ ናቸው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ባለሐዘኑ ከመንገድ እንዳይሰማ ሰው ይሸሸዋል። ነገ አይቀምስምና ዛሬ እህል እንዲቀምስ ይለመናል። ከጠየቀ “ትንሽ አሟት ነው፣ ደህና ናት” ይባላል። ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ሶርሳ ስንቱን ሰው በዚህ መንገድ ሸሽቷል፣ ስንቱን “ደህና ነው” ብሎ ዋሽቷል። አሁን ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አየውና አልነካውም። ልብሱንም ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ሶርሳ በስንጥቁ አጮልቆ አየ። ማንደፍሮ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ከኋላው የዕድሩ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከሴቶቹ ፊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት አስራ እትዬ ደብሪቱ አለች። ደብሪቱ የሰፈሩ አስለቃሽ ናት። እሷ በዚህ ሰዓት ከመጣች የሚጠየቅ ነገር የለም።

ሶርሳ በሩን ሳይከፍት “ወለላዬን! ልጄን!” ብሎ ጮኸ፤ ደረቱን መታና ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሰዎቹ በሩን ገፍተው ገብተው ደግፈው አስቀመጡት። እንደ ወጉ ስልኩንም ወሰዱበት፤ ማንደፍሮ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። ደብሪቱም እጇን አናቷ ላይ ጭና ጀመረች፦

“ወለላ ሶርሳዬ የሲቀላዋ ልጅ፣
ሦስት ምት ሲመቱ ሦስቱን ያዘች በእጅ፤
ወደ ቀኝ ሲሏት ወደ ቀኝ በረረች፣
ወደ ግራ ሲሏት ከመሬት ተነሣች፣
ዋንጫውን አቅፋ አገር አስለቀሰች።”

“ዋይ! ዋይ!” እያሉ ሴቶቹ ተቀበሏት። ሶርሳ ግን ከግጥሙ የሰማው የልጁን ስም ብቻ ነው። ሌላውን ዜማው ዋጠበት።

ማንደፍሮ ከጎኑ ተንበርክኮ እንደሚያለቅስ ሰው ድምፁን እያርገበገበ ተናገረው።

“ወይኔ ወንድሜ… ስማኝ እኮ… አልሞተችም እኮ… አለች… አሸንፋ ነው እኮ… ወይኔ…”

“ተወኝ ማንደፍሮ” አለ ሶርሳ። “እኔን አታባብለኝ። ለአቦነሽ ‘ባልሽ ደህና ነው፣ ተርፏል’ ያልኳት እኔ አይደለሁም? አንተ አጠገቤ ቆመህ?”

“ይሄ ሌላ ነው… ወይኔ… አልቅስ፣ አታቋርጥ፣ ጆሮው ይሰማል… መርዶ አይከፈልበትም እኮ… ወይኔ ወንድሜ…”

ዘዴው የማንደፍሮ ነበር። ባለመብቱ በዚህ አገር የመጀመሪያውን ውል ሲዋዋል ሽማግሌዎች የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ መርዶና ለቅሶ በማንኛውም ሳምንት፣ በማንም ሰው ፊት ነጻ ይሁን። ባለመብቱ ከለቅሶ የሚሸጥ ነገር ስላልታየው ፈረመ። እሑድ ማታ እንግዲህ የገዙት እርስ በርሳቸው መከሩ። ልጅቱ ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት አድና ዋንጫ አንሥታለች፤ አባቷ ሳይሰማ ሳምንት ሊከርም ነው። “እኛ ጠግበን እሱ ጦሙን ይደር?” አለች ደብሪቱ፤ ገና የደስታ ለቅሶዋን አልጨረሰችም ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የምሥራቹን በመርዶ ልብስ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ያላሰቡት አንድ ነገር ነው። ጎህ ሲቀድ በተዘቀዘቀ ነጠላ መጥቶ “አልሞተችም” የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ከሶርሳ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፀሐይ እስክትወጣ ሲያለቅሱ ቆዩ፤ እነሱ በዘዴ፣ እሱ ከአንጀቱ። በመጨረሻ ደብሪቱ በርጩማ ጎትታ ከጎኑ ተቀመጠችና ዜማዋን ሳትለቅ “በወለድኳቸው ልጆቼ፣ አለች” አለችው። ሶርሳ ቀና አለ። መርዶ ነጋሪ ብዙ ይዋሻል፤ በልጁ ግን አይምልም።

“በልጆችሽ?”

“በልጆቼ! ዋንጫውን ስታነሣ በዐይኔ አይቻለሁ። ወይኔ!”

ሶርሳ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። እውነት ይሆን? ያን ጊዜ ነው ግድግዳው በራሱ የበራው።

ግድግዳው ከጨረታው ወዲህ ጨልሞ የከረመ ነው። አሁን ረጋ ባለ የሴት ድምፅ ተናገረ፦ “ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን። የተጫዋች ወለላ ሶርሳ ዕረፍት በዛሬው ዕለት ተመዝግቧል። ለሟች ቤተሰብ የመጨረሻ ግጥሚያዋ ሙሉው ያለ ክፍያ ለአንድ ጊዜ ተከፍቷል። ቤተሰብ ያልሆኑ ሐዘንተኞች ፊታቸውን እንዲያዞሩ በትሕትና እንጠይቃለን።”

ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ።

ሶርሳ ብቻውን አየ። ሜዳው ሰፊ ነበር፤ ይህን ያህል ይሰፋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ኳሱ ከባዶ አይመጣም፤ ሰው ይመታዋል፣ ሌላ ሰው ይቀበለዋል፣ ከሩቅ እየታየ ይመጣል። ወለላም ባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም የምትጮኸው። ከፊቷ የሚሯሯጡ ሴቶች ነበሩ፤ ስትቆጣቸው ዞረው ይስቁባታል፣ አንዷ እየሮጠች መጥታ ጭንቅላቷን ታሻሻለች። ለካ ሰው አላት። ሶርሳ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን የቆመች መስሎት ሲሳቀቅላት ኖሯል። ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በሩን እያዩ የተቀመጡት ሰዎች ምን አይቶ እንዳለቀሰ ስላላወቁ አብረውት አለቀሱ።

ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምቶቹ መጡ። አንዱን ያዘች፣ ሁለተኛውን ያዘች፣ ሦስተኛውን በጎኗ ወድቃ መለሰችው። ዋንጫውን አነሣች። ደብሪቱ እንዳለችው ነው፤ ቃል አልጎደለም። ሥዕሉ ጥግ ላይ ግን ጥቁር ጥብጣብ ነበር። ከጥብጣቡ ሥር የወለላ ስም፣ የተወለደችበት ዓመትና የዘንድሮው ዓመት ተጽፏል።

“ማንደፍሮ” አለ ሶርሳ ግድግዳው ሲጠፋ። “እነሱ ሞታለች ይላሉ።”

“እኛ ስላልን ነው እኮ” አለ ማንደፍሮ። “ጆሮው መርዶውን ሰምቶ መዘገባት። ወሬውን ያገኙት ከእኛ ነው።”

“ከእናንተ ብቻ?”

ማንደፍሮ የራሱን ስልክ አወጣና ወለላ ዘንድ ደወለ። የዝምታው ሳምንት መልእክት አልመጣም። “ይህ መስመር ተቋርጧል” አለ ስልኩ። ማንደፍሮ ስልኩን ደጋግሞ አየው።

“የሞተ ሰው ተብላ ስለተመዘገበች ይሆናል” አለ። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አለ ስንጥር። ደብሪቱ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። “እሑድ…” አለች ቀስ ብላ። “ሦስተኛውን ስታድን በጎኗ ነው የወደቀችው። ዋንጫውን ስታነሣም አንድ እጇ ጎኗ ላይ ነበር።”

“አዎ፣ እኔም አሁን አየሁ” አለ ሶርሳ። “ከዚያ በኋላስ?”

“ከዚያ በኋላ ቁራጬ አለቀ።”

ማንደፍሮን አዩት። እሱ መሃል ሜዳውን ብቻ ነው ያየው። ሌሎቹንም አዩአቸው። አንዱ የመጀመሪያውን አጋማሽ፣ አንዱ የአሠልጣኞቹን ወንበር፣ አንዷ የተመልካቹን ጩኸት ብቻ ገዝተዋል። ዋንጫው ከተነሣ በኋላ ያለውን ቁራጭ የገዛ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ደብሪቱ “በልጆቼ ማልኩ” ብላ አንድ ጊዜ ደረቷን መታች፤ አሁን ዜማ የለውም፣ ግጥም የለውም። “እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩባት! እኔ ነኝ ሞትን የጠራሁባት!” ማንደፍሮ ሊያጽናናት ሄዶ አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት የእውነቱንና የውሸቱን ለቅሶ የሚለይ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ። ሞት ተመዝግቦ ድንኳን ካልታየ ባለመብቱ ማጭበርበር ይለዋል፤ ሰፈሩም የሚከፍለው ያኔ ነው። ደግሞስ እውነት ሞታ ከሆነ እንዴት ያለ ድንኳን ትቀራለች? የድንኳኑ ባላ ላይ አንድ ጆሮ ተንጠለጠለ። ሶርሳ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ በሕይወት ያለች ልጁን እያሟረተባት መሰለው፤ ዝም ሲል ደግሞ የሞተች ልጁን ብቻዋን የተዋት። ሰው እየመጣ “እግዜር ያጥናህ” ይለዋል፤ እሱም “አሜን” ይላል፣ ወዲያው ደግሞ አሜን በማለቱ ይደነግጣል። ባለመብቱ ዘንድ ሰው ልኮ ነበር። መልስ መጣ፦ የሟች ጉዳይ የሚታየው ሳምንቱ ሲያልቅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ነጋ፤ የጠራ ነገር ግን አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ መታጠፊያ ጩኸት ተሰማ። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ከመንገድ ጀምሮ እያለቀሰ መግባቱ ወግ ነውና ሴቶቹ ሊቀበሉ ተነሡ። ጩኸቱ እየቀረበ መጣ።

“አባዬን! ወይኔ አባቴን! አባዬ የኔን!”

ሰዎቹ ተያዩ። “የማን አባት ነው የሞተው?” አለ ማንደፍሮ። ምናልባት ሌላ ድንኳን ፈልጋ የተሳሳተች ናት ብሎ አንዱ ሊመልሳት ወጣ፤ ወጥቶ እዚያው ቆሞ ቀረ።

የድንኳኑን መጋረጃ ገልጣ አንዲት ረጅም ሴት ገባች። የክለብ ጃኬት ለብሳለች፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ አንድ እጇ ጎኗን ይዟል። ጩኸቷን ይዛ ወደ መሃል ስትመጣ ፍራሹ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሽማግሌ አየች። አፏ እንደተከፈተ ድምፁ ጠፋ።

“አባዬ?”

ሶርሳ ፍራሹን በሁለት እጁ ያዘ። “ወለላ?”

“አንተ አይደለህም እንዴ የሞትከው?”

“አንቺ ነሽ እንጂ” አለ ሶርሳ። “ድንኳኑ ያንቺ ነው።”

ወለላ ዙሪያዋን አየች። “‘ከሶርሳ ቤት ሞት ተመዝግቧል’ አሉኝ። እኔ ፊታቸው ቆሜያለሁ። ታዲያ ከእኔ ሌላ እዚያ ቤት ማን አለ? ካንተ ሌላ ማን አለኝ? ለለቅሶ ብለው ለቀቁኝ፤ በሰው ስልክ ብደውልልህ ብደውልልህ ዝግ ነው…”

ማንደፍሮ ኪሱን ዳበሰና ዐይኑን ጨፈነ።

ሶርሳ ተነሣ። ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ፤ ግንባሯን ነካ፣ ጆሮዋን ነካ፣ ትከሻዋን ዳበሰ። ግድግዳ አልነበረችም። ሞቃት ናት፣ ላብና የመንገድ አቧራ ትሸታለች። “ጎንሽስ?” አላት። “ተቀጥቅጦ ነው፣ ምንም አይደል” አለችና ትከሻው ላይ ተደፋች።

ደብሪቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ማንደፍሮ ክንዷን ጨምድዶ ወደ ባላው አመለከታት። ድንኳን ውስጥ እልልታ ከተሰማ መርዶው የውሸት ነበር ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይከፍላል። ደብሪቱ እልልታዋን ዋጠችው። ከዚያም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ከመሃል ቆማ፣ በሕይወቷ አውጥታ በማታውቀው ድምፅ ዋይታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተከተሏት። ወንዶቹም ተከተሉ። እንባቸው እየወረደ፣ ጥርሳቸው እየታየ ያለቅሱ ነበር።

ወለላ ከአባቷ ትከሻ ላይ ሳትነሣ በዋይታው መሃል “አባዬ፣ አሸነፍን እኮ” አለችው። “ሦስቱን ፍጹም ቅጣት ምት…”

ሶርሳ መዳፉን አፏ ላይ አደረገ።

“ግጥሚያው ይቅር” አላት። “እህል ቀምሰሻል?”

“ከትናንት ጀምሮ አልቀመስኩም።”

“እኔም።”

ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አንዲት ሴት ዋይ ዋይ እያለች የንፍሮውን ሳህን ፊታቸው አኖረችላቸው። ወለላ ከራሷ ለቅሶ ንፍሮ አንድ እፍኝ ዘገነችና ግማሹን በአባቷ መዳፍ ላይ ገለበጠችለት።